ለአዴ መሪያም ያልተረጎምኩት

ጥር 29 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ሚክዳድን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ወደ አገር የሚወስደው አውሮፕላን አልተገኘም፤ በእነሱ ደግሞ ሟች አይቆይም። እዚሁ ድንበር ማዶ፣ ከካምፓችን አለፍ ብሎ ባለው የሙስሊም መቃብር አሳረፍነው። ከሻለቃችን አስራ አንድ ሙስሊም ልጆች ተሰልፈው ሰገዱበት። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ጫማ ይወልቅ አይወልቅ ሳላውቅ አውልቄ ቆምኩ፤ አሸዋው ያቃጥላል።

ትናንት ጠዋት የእህል መኪኖች ለማጀብ ሲወጡ ነው ፈንጂ ያገኛቸው። ሦስት ቆስለዋል፤ የሞተው እሱ ብቻ ነው። አስተርጓሚ ሆኖ ነው የወጣው። በሻለቃው ሶማሊኛ የምንችል አስተርጓሚዎች ሁለት ነን፤ ሁለታችንም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አንድ ሰፈር ያደግን። በየተራ እንወጣለን። ትናንት እኔ ጥርሴን አሞኝ ነበር።

ጥር 30

ዕቃውን እንድሰበስብ ታዘዝኩ። ቤተሰቡን የምታውቀው አንተ ነህ ተባልኩ። መስገጃ፣ ሁለት ሽርጥ፣ ምላጭ፣ የሚስቱ የኢዲል ፎቶ። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ አብረው የኖሩት ግን ተደምሮ አራት ወር ቢሞላ ነው።

ጥርሴ ዛሬም ትንሽ ይነዝረኛል።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አዛዡ ሰበሰበን። የተሰዋው ጓዳችን ስም በይፋ እስኪገለጽ ድረስ ወደ ቤት የሚደውል፣ በስልክ የሚጽፍ እንዳይኖር። ቤተሰቡ በወጉ ነው የሚነገረው። ሁላችንም አዎ አልን።

ከዚያ እኔን ለብቻ አስቀረኝ። ሐሙስ ማታ የገቡት ሦስት የውጭ አገር መኮንኖች ከኛ ጨርሰው የሚቀጥለው ተተኪ ጦር የሚሰለጥንበትን ሁርሶን ማየት ይፈልጋሉ። እንግሊዝኛ የሚችል፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። «አንተ የድሬ ልጅ ነህ አይደል?» አለኝ። አዛዡ የጎጃም ሰው ነው፤ ድሬዎች አንቱ አታውቁም፣ እንግዶቹን እንዳታዋርዱን ብሎ አስጠነቀቀኝ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ልል ነበር፤ ፊቱን አየሁና ተውኩት። ሚክዳድ ቢሆን ይለው ነበር።

አስራ አራት ወር ቤቴን አላየሁም። ደስ ሊለኝ በተገባ።

የካቲት 4

የሚክዳድ እናት አዴ መሪያም ለእኔ ደወለች። የሱ ስልክ ለምን አይሠራም? ሞገድ የለም አልኳት። ያንተስ እንዴት ሠራ? አለችኝ። ያለሁበት ከፍታ ነው አልኳት። ሜዳ ላይ ነኝ።

እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። አባዬ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ ሲወጣ ቁልፉን ለሷ ይሰጥና እኔንም ጨምሮ ይሄዳል። ከሚክዳድ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው ያደግነው። አሁን እሷን በስልክ ለመዋሸት ትንፋሽ እንኳን አላጠረኝም። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

የመጨረሻ ልጇ ዊዳድ እሁድ የካቲት 9 ትዳራለች። እኔ ድሬ የምቆየው እስከ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ደረስን። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ ሆቴል። እንግዶቹ ፀሐዩን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወጡ። የመኪናችን ሹፌር በቀፊራ ገበያ ዳር ሲያልፍ አንገቴን ደፋሁ፤ አዴ መሪያም ለድግሱ ዕቃ ስትገዛ ታየኛለች ብዬ። ሰላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሁርሶ ዋልን። ምልምሎቹ አቧራ ለብሰው እየዘፈኑ ይሮጣሉ። የእንግዶቹ አለቃ ኮሎኔል ነው፤ ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን የሚያይ። ስንት ሳምንት ይሰለጥናሉ፣ ስንት ተኩስ ይተኩሳሉ፣ ስንት ሰዓት ይተኛሉ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር ሁሉ በትክክል ተረጎምኩ። አሰልጣኞቹ አመሰገኑኝ።

ማምሻውን የሁለት ሰዓት ፈቃድ ተሰጠኝና በባጃጅ ወደ ሳቢያን ሄድኩ። አባዬ በር ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። አቀፈኝ፣ ከሳህ አለኝ፣ አስገባኝ። ሁለት በር አለፍ ብሎ የአዴ መሪያም ግቢ ድንኳን ተተክሎበታል፤ ሴቶች እየሳቁ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልቆየሁም፤ ለአባዬ ነገርኩት። ትዕዛዙን ጣስኩ። ለአንድ ሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ።

አባዬ ወልደጻድቅ በወንበሩ ክንድ ላይ እጁን ጣለ። ከዚያ የተናገረው እንዲህ ነው፦ «ሠርግ ያለበት ቤት መርዶ አይገባም። መርዶ ደግሞ አንድ ሰው አይነግረውም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ድግሱ ካለፈ በኋላ ነው።» እናቴ እኔን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች የወንድሟን ሞት አርባ ቀን እንደደበቋት አስታወሰኝ። ማንም አልተጎዳም አለ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ አርባ ቀን ታነሳ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አርባ ቀን ሙሉ ወንድሟ በሞተበት ገንፎ በልታለች። አባዬ ይህን ረስቶታል፤ ወይም ለሱ አላለችውም።

ግን የሱ ቃል ደስ አለኝ። ዛሬ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ያሳፈረኝ እሱ ነው። ልክ ነው ብዬ አይደለም ደስ ያለኝ፤ አትንገር ስላለኝ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ዛሬ ያደረግሁትን በሙሉ ልጽፈው።

ኮሎኔሉ የዘማች ቤተሰብ መጠየቅ ፈልጎ ነበር። እንግዶቹን ይዘው የመጡት ሻምበል «ያንተ ቤት ይሁን» አሉኝ። አባዬ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ የሚያበስለው እንቁላል ነው። ወሬው ግን ከአባዬ ወደ አዴ መሪያም ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ወልደጻድቅ ምን አለውና ነው፣ እኔ ድግስ ቤት ነኝ፣ እንግዳ ሠርግ ቤት ሲገባ በረካ ነው ብላ ላከችብኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበረኝ፤ እሱን ደግሞ መናገር አልችልም።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነበር ቀጠሮው። ቀድሜ መስጊዱ በር ላይ ደረስኩ። የሚክዳድ አጎት ሐጂ አብዱላሂ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ነው፤ ለሱ ብነግረው እሱ ያውቅበታል ብዬ ወስኜ ነበር። እንዲያውም ቃሉን በኦሮምኛ አዘጋጅቼው ነበር፣ በአማርኛ ከባድ ስለሆነብኝ። ሲወጣ እጄን ይዞ ሳመኝ። «ሐጂ፣ ዱዓ አድርግ» አልኩት። ለማን? አለኝ። ለሁላችንም አልኩት። አሚን ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሄደ።

አዴ መሪያም በር ላይ ሽቶ ረጨችብን። እንግዶቹን በእጇ እየጎተተች ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሩዝ በሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ሐለዋ። ለኔ ደግሞ ለብቻ በትንሽ ሰሃን ምስርና አትክልት፤ ዓርብ መሆኑን፣ እንደምጾም፣ አልረሳችም። በሠርግ ግርግር መካከል ለአንድ ክርስቲያን የጾም ወጥ ለብቻው ጥዳለች። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ግድግዳው ላይ የሚክዳድ ፎቶ አለ፤ መለዮ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ጥርሱን እያሳየ። ኮሎኔሉ አየና ማን ነው አለኝ። ልጇ ነው፣ ከእኛ ጋር ነው ያለው አልኩት። ወደ አዴ መሪያም ዞረ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ፣ እሷን ዓይኗን እያየ፣ እንዲህ አለ፦ እናንተ ካምፕ የገባሁት አንድ ወታደር በተቀበረበት ዕለት ነው። ልጃቸውን ለሚጠብቁ እናቶች ሁሉ ልቤ እንዳዘነ ንገርልኝ።

እሷ አፌን ትጠብቃለች።

«ካምፓቸውን አየሁት፣ ልጅሽ ያለበት ጦር ጀግና ነው ይላል» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ልጄን በዓይኑ አይቶታል ወይ በለው» አለችኝ።

ወደ ኮሎኔሉ ዞርኩ። ምግቡ ተስማምቶህ እንደሆነ ትጠይቃለች አልኩት። ሰውዬው ሆዱን በእጁ ነካ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ።

«አይቶታል» አልኳት። «ደህና ነው።»

አልሐምዱሊላህ አለች። ከትሪው ላይ ትልቁን ሥጋ መርጣ በራሷ እጅ ኮሎኔሉ ፊት አስቀመጠችለት። ልጇን ላየ ዓይን ነው የሰጠችው።

ስንወጣ ዊዳድ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ጠራችኝ። ሙሽራ ስለሆነች ወደ እንግዳ አትወጣም፤ ጆሮዋ ግን ይወጣል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች፤ ከጓዳው ጫጫታ መሃል የያዘችው ግን አንዱን ቃል ብቻ ነው። «ሰውዬው ተቀበረ ያለው ማንን ነው?» አለችኝ። የሌላ ሻለቃ ልጅ ነው አልኳት። እኛ አናውቀውም አልኳት። እሷም ረሕመቱላሂ ዐለይህ ብላ ለማታውቀው ልጅ ፊቷን በመዳፏ አበሰች።

በዚያች ቀን ለሚክዳድ ከቤተሰቡ ዱዓ ያደረገችለት እሷ ብቻ ናት። ለማን እንደሆነም አላወቀችም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት፣ ልንሄድ ስንል፣ ኢዲል ወደ ሆቴሉ መጣች። አንድ ጥቅል፦ ሐለዋ በቆርቆሮ፣ አዲስ ሽርጥ፣ ለሠርጉ ለወንድሞች ሁሉ የተገዛው ዓይነት። ሚክዳድ ለሠርጉ ባይደርስ ለረመዳን ይደርሳል ወይ አለችኝ። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። እንግዶቹ ተቀምጠዋል።

ፈቃድ ጠይቋል አልኳት።

እንዲያው ከአፌ ወጣ። ማንም ያን ያህል አልጠየቀኝም ነበር። «የምርህን ነው?» አለችና መሬት መሬት እያየች ሳቀች። እኔ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

የካቲት 9፣ እሁድ

ካምፕ። ዊዳድ ዛሬ ተዳረች። የሰፈር ልጆች ቪዲዮ ላኩ። አዴ መሪያም ትጨፍራለች። ኢዲል ትጨፍራለች። አጠፋሁት።

የካቲት 12

ሐለዋውን ለአስራ አንዱ ልጆች አካፈልኩ። ከየት ነው አሉኝ፤ ከሚክዳድ እናት አልኳቸው። ዑመር የሚባለው የጅማ ልጅ አፉ ውስጥ የነበረውን ሳይውጥ ቀና ብሎ አየኝ። ነገርካት? አለኝ። በኛ ባህል ሠርግ ያለበት ቤት መርዶ አይገባም አልኩት። «በነሱስ?» አለኝ።

ስለ እነሱ አልጠየቅሁም። አንድ ፍራሽ ላይ አድገን ይህን አልጠየቅሁም።

የካቲት 14

ዛሬ ማጀብ ነበር፤ ከሌላ ካምፕ የመጣ አዲስ አስተርጓሚ ወጣ። ጥርሴ ደህና ነው። ሐኪሙ አየው፤ ምንም የተበላሸ የለውም፣ ድዱ ትንሽ አብጦ ነው አለ።

የካቲት 16፣ እሁድ

ዛሬ ጠዋት ነገሯቸው። አባዬ ነው የደወለልኝ። ከጦሩ ሁለት መኮንኖች፣ ሐጂ አብዱላሂ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ አባዬም አብሮ። አዴ መሪያም መኮንኖቹን ስታይ ገብቷት በሩ ላይ ተቀምጣ ቀረች አለኝ። መቼ? ብላ ጠየቀች። ጥር 28 አሏት። በጣቷ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ አባዬን ቀና ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ሰበረ።

ሐጂ አብዱላሂ በኋላ ለአባዬ ያለውን ደግሞ ነገረኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም እጁን ይዞ ነው ያለው፦ «ወልደጻድቅ፣ እናንተ ለቀረው ሰው ታዝናላችሁ፤ እኛ ለሟቹ እንቸኩላለን። ልጃችሁ ዓርብ ዕለት መስጊዱ በር ላይ ነበር። ቢነግረኝ ኖሮ ያን ቀን ሺህ ሰው ለሚክዳድ ይሰግድለት ነበር።» አባዬ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ አለኝ። አይደለም አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አይደለም እያልኩ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ኢዲል ኢዳ ገብታለች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት ሳትወጣ፣ ሳታጌጥ ትቀመጣለች። ግን ቅዳሜ ዕለት፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ እጆቿን እስከ ክርኗ፣ እግሮቿን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሂና አስደርጋለች። ለሠርጉ ብቻ አልነበረም፤ ባሌ ፈቃድ ጠይቋል ብላ ለሴቶቹ ሁሉ ነግራለች። ዛሬ በሎሚ፣ በአሸዋ፣ በመጨረሻም በበረኪና ፈተገችው። ቆዳዋ ተላጠ፤ ሂናው አልለቀቀም። አባዬ ይህን ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም።

የካቲት 18

ዊዳድ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ማንን ነው የቀበሩት ብዬ ጠይቄህ ነበር። ወንድሜን አናውቀውም አልከኝ። ፍቅረ ማርያም፣ ከዛሬ በኋላ እኔም አላውቅህም።» ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ትክክል ነች። አሁንም የማዳምጠው የሚቀየር እየመሰለኝ ነው።

ጾማችን ትናንት ገባ። የነሱ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ይገባል።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። አስራ አንዱ ልጆች ሳይነጋ አብረው በሉ። ሚክዳድ ሱሁር ላይ እኔን ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ አንተ ባትጾምም ብላ፣ ብቻዬን መብላት ይደብረኛል እያለ።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ጥርሴን፣ ጥርሴን፣ ጥርሴን። ሰው ደብተር የሚይዘው ለራሱ ነው ይላሉ፤ እኔ ለራሴም አልተረጎምኩም። ትዕዛዝ ነበር አልኩ፣ ሠርግ ነበር አልኩ፣ ባህላችን ነው አልኩ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ግን ትዕዛዙን ለአባዬ ስነግር ጥሼዋለሁ። አዴ መሪያም ፊት ቆሜ አፌን የዘጋው ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ሞተ ካልኳት፣ እንዴት? ትለኛለች። እንዴት ስትለኝ ተራው የማን እንደነበር መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ሚክዳድ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት በዚያው መንገድ ላይ አንድ መኪና ተቃጥሎ አይተን ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ተራዬ የሚደርስበትን ቀን እቆጥር ነበር።

ይኸው። ጻፍኩት።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ አዴ መሪያም ደወለች። አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጾም ላይ ናት፣ ድምፅዋ ደርቋል። አልሰደበችኝም። ያን ቀን ሩዙን ሳቀርብ ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ እንግዶቹን አፍሮ ነው ብዬ ነበር አለችኝ። ከዚያ፣ እዚያ የነበርከው አንተ ነህ፣ መኮንኖቹ የነገሩኝ የወረቀት ነገር ነው፣ አንተ ንገረኝ አለችኝ።

ነገርኳት። ከየት እንደወጡ፣ የት እንደደረሱ፣ ማን እንዳነሳው፣ ማን እንዳጠበው፣ ስንት ሰው እንደሰገደበት፣ መቃብሩ በየት በኩል እንደሆነ። ከካምፑ አጥር ሆኖ ይታያል አልኳት። ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገውታል? አለች። አድርገውታል አልኳት። ይህን ሁሉ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። ሊበቃት ይችል ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

«አዴ፣ ተራው የኔ ነበር» አልኳት። «ጥርሴን አሞኛል ብዬ ነው እሱ የወጣው። ጥርሴ ያን ያህል አላመመኝም። ፈርቼ ነው።»

 

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«መፍራትህን።»

ያውቅ ነበር አልኳት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር፣ ተኛ አቦ፣ ጥርስ መጥፎ ነገር ነው ብሎ ሳቀብኝ። ግንባሬን በመዳፉ ገፋ አድርጎኝ ወጣ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

 አለቀሰች አላለቀሰች አላወቅሁም። ከዚያ የማውቀው የድሮ ድምፅዋ፣ ሁለታችንን በአንድ ላይ ስትቆጣ የምታወጣው ድምፅ መጣ። ይህን ለኢዲል እንዳትነግራት አለችኝ። ለዊዳድም። ኢዲል ልጅ ናት፤ የምትጠላው ሰው ከሰጠናት ዕድሜዋን እሱን ስትጠላ ትጨርሰዋለች። በኔ ዘንድ ይቅር አለች። እስከ ዛሬ ስደብቀው የከረምኩትን ፈሪ ሰውዬ እሷው ደብቅ አለችኝ፤ እሺ አልኳት።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አላህ ይቅር ይበልህ» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»

አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁም። ሰሃን የምታቀራርብ ሴት ድምፅ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ከግቢው በር ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ በስልኩ ይሰማኛል። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም፤ ባትሪዬ እያለቀ ነበር። የመግሪብ አዛን ሲል፣ ላፍጥር ብላ ዘጋችው።